እህቴን አልኮረኩምም

እህቴን አልኮረኩምም ብዬ ተኮረኮምኩ፤ ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬም ልጆች በዜማ ፊደል ሲቆጥሩ ስሰማ እጄ ሳላዘው አናቴ ላይ ይወጣል።

ክረምቱ አልፎ፣ የግሸን ተሳላሚዎችም ወደየአገራቸው ሲመለሱ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የቄስ ትምህርት ቤታችን ይከፈት ነበር። የኔታ ብቻቸውን ለሁሉም ስለማይደርሱ፣ ቀድሞ ፊደል የለየ ልጅ ከኋላው የመጣውን ያስቆጥር ነበር። ተማሪው ሲሳሳት ደግሞ አስቆጣሪው ራሱ ጣቱን አጥፎ አናቱን እንዲኮረኩመው የኔታ ያዝዙ ነበር። ለእኔ የደረሰችኝ ታናሽ እህቴ የሺ ነበረች። እናታችን «እስከ ዐቢይ ጾም ካልለየች ጥጃ ትጠብቃለች» ብላ ቆርጣ ነበር።

የሺ ሰነፍ አልነበረችም፤ የታጠፈ ጣት ስታይ ግን ያወቀችው ሁሉ ይጠፋባት ነበር። በኅዳር፣ ነፋሱ ከሐይቁ እየተነሣ ፊታችንን ሲገርፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ የኔታ ሲስሉ ከሩቅ ስንሰማ እርምጃችንን እናዘገይ ነበር።

የምታምታታው ሐመሩን ሐ ከብዙኃኑ ኀ ጋር ነበር፤ ድምፃቸው አንድ ነዋ!

«አብሽሪ» አልኳት አንድ ቀን። «ሐመር ታንኳ ነው ብለውናል የኔታ። ታንኳ የት ላይ ነው የሚሄደው?»

«ውሃ ላይ።»

«የእኛ ውሃ ስሙ ማነው?»

«ሐይቅ!» ብላ ሣቀች።

«በቃ፣ የሐይቅ ሐ እሱ ነው።»

በጥር የኔታ ፊት ቀረብን። የሺ መጠቆሚያ ስንደዶዋን ብዙኃኑ ላይ አሳርፋ «ሐመሩ ሐ» አለች።

«ኮርኩሚያት!» አሉ የኔታ።

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ «የሺዬ፣ ታንኳው የቱ ነው?» አልኳት። ስንደዶዋ ወደ ሐመሩ ሄደ፤ ከዚያ ተመልሳ «ይሄኛው ብዙኃኑ ኀ ነው» አለች።

«ኮርኩሚያት አልኩ!»

«አስተካከለችው እኮ፣ የኔታ። ለምኑ ልኮርኩማት?»

ከኋላዬ አንዱ «ወይ ጉድ፣ ዛሬ አለቀላት!» ሲል ሰማሁ። ኩርኩሙ እኔ አናት ላይ ወረደ፤ ዓይኔ ጨለመ። ከዚያ ወዲያ እሷ በተሳሳተች ቁጥር እኔ እምቢ እያልኩ፣ እየተኮረኮምኩ ጾም ገባ። የሺ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች ለየች፤ ጥጃም አልጠበቀች።

አሁን የልጅ ልጆቼ መምህራቸው ፊት ቆመው «አልገባኝም» ይላሉ፤ እኛ ይህን ቃል ከአፋችን ለማውጣት እንኳ አንደፍርም ነበር። ይህን ባየሁ ቁጥር የበኩር ልጄን ፊደል ላስቆጥራት የኔታ ዘንድ የወሰድኳት ቀን ትዝ ይለኛል።

«ሳይመቱ የሚያስተምሩልኝ ከሆነ ትግባ» አልኳቸው። «ያኔስ እኔን ለምን መቱኝ?»

አርጅተው ነበር።

«እህትሽን ሳትኮረኩሚያት አወቀች» አሉ። «ልጆቹም ሁሉ አዩ። ከእንግዲህ ማን ይፈራኛል ብዬ ፈራሁ።»