ከማደንዘዣ የነቃ ሁሉ ውሃ ይጠይቃል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የነርሶቹ አለቃ ሜትሮን አበበች መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ክፍሌን አሳዩኝ። ክፍል ከተባለ ነው። ቀድሞ የአንሶላ ማስቀመጫ ነበር፤ አሁን ሁለት አልጋ፣ በእግር የሚረገጥ መምጠጫ፣ የደም ግፊት መለኪያና አንዲት የመቀመጫ ዱካ ገብቶበታል። እኔ ደግሞ ከነቀምት እስከ አሶሳ አቧራ የጠጣሁት ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቼ ለሐኪም መቀስ ላቀብል ነበር።

«አንቺ እዚህ ነሽ» አሉኝ። «ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ ትቀመጫለሽ።»

«መቀመጥ ብቻ?» አልኩ። ልጅነት አይደል!

ሜትሮን በመነጽራቸው አናት ላይ አዩኝ። «አገጩን ወደ ላይ ትይዢያለሽ፤ ምላሱ ወደ ኋላ ከሄደ ይታፈናል። የራስሽንም አፍ ትይዢያለሽ። ሰው ከማደንዘዣ ሲነቃ የሚለውን አያውቅም። ምን አለ ብለው ሲጠይቁሽ ‹ውሃ ጠየቀ› ትያለሽ። አለቀ።»

የመጀመሪያ በሽተኛዬ ከሱዳን ጠረፍ፣ ከኩርሙክ የመጣ ነጋዴ ነበር። ቃሬዛውን የገፋው ሐሚድ ነው። ሐሚድ የበርታ ሰው ሲሆን በሆስፒታሉ በረኛም ተሸካሚም አስተርጓሚም እሱው ነበር። አማርኛውን ከእኛው ስለለቃቀመው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። ነጋዴው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የጋውኔን እጅጌ ጨምድዶ ያዘና በዓረብኛ ይጮህ ጀመር።

«ምን ይላል?» አልኩ ደንግጬ።

«ሲስተር፣ አንተ አህያ ነህ ይላል» አለ ሐሚድ ኮስተር ብሎ።

«ምን?!»

«ጥርስህን አሳየኝ ይላል። ዋጋ ሊቀንስ ነው።»

እጅጌዬን እስኪለቅ ድረስ ዋጋ ሲከራከርብኝ ቆየ። ሚስቱ በር ላይ «ምን አለ የኔ እመቤት?» ብላ ስትጠይቀኝ «ውሃ ጠየቀ» አልኳት። ሐሚድ ግድግዳውን ተደግፎ ለመሳቅ ወጣ።

እናንተ ዛሬ በመሣሪያ ታጅባችሁ የምትሠሩ ልጆች አይገባችሁ ይሆናል እንጂ ያኔ በሽተኛ የሚጠየቀው ምግብ ተይዞ ብቻ አልነበረም። ከማደንዘዣ ሲነቁ የሚናገሩት የሆድ እውነት ነው ተብሎ ስለሚታመን ዘመድ ሁሉ መጋረጃው ሥር ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ባሏ የማንን ስም እንደጠራ ልታጣራ የምትመጣ አለች። አማቴ ሰድቦኝ እንደሆነ ንገሪኝ ብሎ የሚለማመጥ አለ። ከባምባሲ የመጡ አንዲት እናት ላሞቻቸውን በኦሮምኛ በየስማቸው ጠርተው ሲጨርሱ ምራታቸውን ሳይጠሩ ቀሩና፣ ምራትየው ውጭ ሆና ሰምታ አኩርፋ ሄደች። ለሁሉም መልሴ አንድ ነበር። «ሲስተር ጫልቱ ዘንድ የነቃ ሁሉ ውሃ ይጠይቃል» እየተባለ በገበያው ተቀለደብኝ። ቀለዱ እንጂ ማንም አላመነኝም።

በዚህ መሀል ነው ሰፋሪዎች ከወሎ በካሚዮን እየተጫኑ መምጣት የጀመሩት። በአሶሳ ዙሪያ ሰፈራ ጣቢያ ተሠራላቸው። ወባው፣ ሄርኒያው፣ ትርፍ አንጀቱ እኛ ዘንድ መጣ። ከአንደኛው ጣቢያ የሚላከውን በሽተኛ የሚከታተለው ጓድ መኮንን የሚባል ካድሬ ነበር። ለሕክምና የወጣ ሰፋሪ በዚያው ወደ አገሩ ስለሚጠፋ፣ ጓድ መኮንን የካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ራሱ እየመጣ ይረከባል።

ሄርኒያ ደግሞ ካድሬ ነው ብሎ አይፈራም። ጓድ መኮንንም በተራው ተኛ፤ ሐሚድ ገፍቶ አመጣው፣ እኔው አገጩን ይዤ ቆየሁ። በማግስቱ ቁስሉን ሳይለት ወደ ግድግዳው እያየ «ለመሆኑ ስነቃ ምን አልኩ?» አለኝ።

«ውሃ ጠየቁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ካገኘኝ ከሩቅ ቆቡን እያነሳ እጅ ይነሳኝ ጀመር። ሐሚድ «ሲስተር፣ አንተ ትልቅ ሰው ሆነ» እያለ ያበሽቀኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አያ ይመር የሚባሉ ሰፋሪ ትርፍ አንጀታቸው ሊፈነዳ ደርሶ መጡ። ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ሐሚድ በቃሬዛ ገፍቶ አመጣቸውና እዚያው ቆመ። በጎናቸው አስተኛኋቸው፣ አገጫቸውን ያዝኩ፣ የከንፈራቸውን ቀለም አየሁ። ደህና ነበር። ጓድ መኮንን ያን ጊዜ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

«ጓዲት፣ ይሄ ሰው መቼ ነው የሚወጣው?»

«ገና አልነቁም። ውጭ ይጠብቁ።»

«እዚሁ እጠብቃለሁ» ብሎ ዱካዬ ላይ ተቀመጠ።

አያ ይመር ተንቀሳቀሱ። «ሰይድ! ሰይድ ሆይ! ስንቁን ያዝ። ዳቡስ ሳይሞላ እንሻገር። እናቴ ሳትሞት ልድረስላት፣ ሰይድ!»

ዳቡስ ወደ ወሎ የሚመለስ ሰው የሚሻገረው ወንዝ ነው። ከሰፈራ ሊጠፋ ሲል የተያዘ ሰው እስር ቤት ነው የሚገባው፤ እሳቸው ደግሞ ሰይድን ጨምረው አስያዙት። አፋቸውን ልከድነው አማረኝ። ግን የሚተነፍሱት በሱ ነው፣ ምን ላድርግ? አገጫቸውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ጓድ መኮንን ብድግ አለ። «ሰማሽ? ሰይድ የሚለውንም አውቀዋለሁ። ሁለቱም ይጠየቃሉ። አንቺና ሐሚድ ምስክር ናችሁ።»

«ምኑን ሰማሁ፣ ጓድ?»

«ሊጠፉ መሆናቸውን ነዋ!»

«እኔ የሰማሁት ውሃ ሲጠይቁ ነው።»

«አትቀልጂ!»

«ኧረ ምን ቀልድ አለው! እዚህ አልጋ ላይ የነቃ ሁሉ ውሃ ነው የሚጠይቀው። እርስዎም ውሃ ነው የጠየቁት።»

አልጋውን አየ፤ እሱም የተኛበት ያው አልጋ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ በእርግጥ ውሃ ብቻ ነው የጠየቅሁት?» አለ።

«ውሃ ብቻ።»

ወደ ሐሚድ ዞረ። ሐሚድ ሶላት ላይ ያለ ሰው መስሎ እጁን አጣምሮ ቆሟል። «እኔም ነበረ፣ ጓድ። ውሃ ብቻ። ወላሂ።»

መሐላው ሲጨመርበት ይባስ ቆሌው ተገፈፈ። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። እኔም «የአንዱን በሽተኛ ቃል ከመሰከርን የሌላውንም መመስከር ሊኖርብን ነው። ሜትሮንን ልጥራ?» አልኩት።

«አያስፈልግም፣ አያስፈልግም» አለና ኮቱን አስተካከለ። «ታዲያ ውሃ ከጠየቀ ለምን አትሰጡትም? ሰው በጥም ይሙት?»

«አሁን አይጠጡም። ከንፈራቸውን በእርጥብ የጎዝ ጨርቅ አብሳለሁ።»

«እንግዲያው አብሺለት» ብሎ ወጣ። ስለ ሰይድም ስለ ዳቡስም ዳግመኛ ያነሳ የለም።

ዱካዬ ላይ ዘጭ አልኩ። ሐሚድ ሲስቅ እኔ አለቀስኩ፤ የፍርሃት ዕንባ ነው። አያ ይመር በደንብ ሲነቁ እንደ ሰው ሁሉ «ምን ብዬ ነበር ልጄ?» አሉኝ።

«ውሃ ጠየቁ» አልኩ። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «ስፌት ያለበት ሰው ግን ወንዝ አይሻገርም፣ አያ ይመር። እስኪደርቅ ይታገሡ» አልኳቸው።

ዓይናቸው ፈጠጠ። ቀስ ብሎም ዕንባ ሞላ። እጄን ይዘው ሳሙት፤ አንጀቴን በሉት።

ታግሠው ቆዩ። ክሩን የመዘዝኩላቸው እኔው ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ በአሶሳ አላየኋቸውም። በጋው ላይ ከወሎ የመጣ የካሚዮን ሹፌር ሲስተር ጫልቱ ማናት ብሎ ጠየቀ። «አያ ይመር ‹ስፌቱ ደርቋል በላት› ብለውኛል። ለእናታቸውም ደርሰውላቸዋል» አለኝ። ሐሚድ ሰምቶ አጨበጨበ።

መንግሥት ከተለወጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጸጉሩ የነጣ ሰው ቆቡን አነሳልኝ። ጓድ መኮንን ነው። ሻይ ጋበዘኝና አካባቢውን ቃኝቶ «አሁንማ ሁሉም አልፏል፣ ሲስተር። እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ ምን ብዬ ነበር?» አለኝ።

«ውሃ ጠየቁ።»

«በእግዜር?»

«በእግዜር።»

ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ መቼም አትለወጪም» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። እስከ ዛሬም የሚያምነኝ አይመስለኝም።

ጓድ መኮንን ያን ቀን ዓይኑን ገልጦ «ውሃ» አለ፤ መልሶ ተኛ። ሌላ አንዲት ቃል አልወጣውም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደሱ በጨዋነት የነቃ በሽተኛ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ለእናንተ ለጀማሪዎቹ፦ መጀመሪያ አገጩን ያዙ። ምን አለ ብሎ የሚጠይቃችሁ ሚስትም ትሁን አለቃ፣ ለሁሉም አንድ መልስ ስጡ።