አንደኛ የወጣ ልጅ ቅርጫ ላይ

የመግቢያ ፈተና ነጥቤ ከእኔ ቀድሞ ሐኪም ሆነ። እኔ ገና የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሳልረግጥ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አባቴን «የዶክተሩ አባት» ይሉት ጀመር። አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ጉልበታቸውን ገልጠው «እስቲ እየኝማ» አሉኝ። አየሁላቸው፤ ማየት ማንን ያቅተዋል።

ሕክምና ስገባ ነጥቡ አስከሬን ክፍል በር ላይ ቀረ። በአናቶሚ የተግባር ፈተና መምህሩ አስከሬኑ ላይ መርፌ ይሰካና ምን እንደሆነ ጻፉ ይላል። ጅማቱን ነርቭ፣ ነርቩን ደም ሥር እያልኩ ጽፌ ወደቅኩ። መጽሐፉን ከነገጽ ቁጥሩ በቃሌ እወጣዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ግን ነርቭ ቢጫ ነው፣ ደም ሥር ሰማያዊ፤ ሰውዬው ሁለመናው ግራጫ ነበር።

ነጥቡ ለጥቂት ያስገባው የአጅባር ልጅ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ሁሉንም መለሰ። ምስጢሩን ስጠይቀው ሳቀብኝ።

«አንተ ቅርጫ ላይ ቆመህ አታውቅም እንዴ?»

አላውቅም። በየበዓሉ ጎረቤት ተዋጥቶ በሬ ሲያርድና ሥጋውን ሲከፋፈል፣ እኔ ጓዳ ተዘግቶብኝ አጠና ነበር። የጎበዝ ተማሪ እጅ ቢላ አይነካም፤ የአባቴ ሕግ ነው። አሁን ድጋሚ ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነበር። ከወደቅኩ እባረራለሁ።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ በሬው ታርዶ ቅጠል ላይ እየተበለተ ደረስኩ። እጅጌዬን ስሰበስብ አባቴ «ተው፣ አንተ ግባና አጥና» አለኝ።

«አባባ፣ ወድቄያለሁ» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጅማትና ነርቭ መለየት አቃተኝ።»

ለራሴ አፈርኩ፤ ለአባቴ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። ጉልበታቸውን ያየሁላቸው ሽማግሌ «እኔንማ ደህና ነዎት ብሎኝ ነበር» ብለው ሰውን አሳቁ። ከበዓሉ በኋላ ድጋሚ ፈተናውን እንደማልፍ ያን ቀን ማንም አያውቅም ነበር፣ እኔም ጭምር።

አባቴ ቢላውን በእጀታው በኩል አቀበለኝ። «አብሽር» አለ። «የኋላ እግሩን ያዝ።»

ጅማቱን በጣቴ እየፈለግኩ አንዱን ታፋ ብጥስጥሱን አወጣሁት። ሥጋው በየመደቡ ተደልድሎ ዕጣ ሊጣል ሲል፣ የእኔ ሥራ ያረፈበትን መደብ ማንም ሊያየው አልፈለገም። አባቴ ሳፋውን ይዞ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ዕጣ አያስፈልገውም» አለ። «የእኔ ነው።»