መሬት ላይ የፈሰሰው ቡላ

ሐሙስ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስነሳ የእንሰት መፋቂያ ማሽኔ በሸራ ተጠቅልሎ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነበር። ረዳቱ አንስቶ ከሞከረው በኋላ "ይሄ ዕቃ አይደለም፣ ተሳፋሪ ነው" ብሎ የአንድ ሰው ሙሉ ሂሳብ አስከፈለኝ።

የምሠራው የዕለት ተዕለት ችግር የሚያቃልሉ መሣሪያዎች በሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። አራት ወንዶች ነን። ባለፈው ወር ግድግዳውን በባለቀለም ወረቀት ሞልተን ሐሳብ ስናዋጣ ዋልን። የጀሪካን መሸከሚያ፣ የበቆሎ መፈልፈያ፣ የጫጩት ማሞቂያ፣ ያልጻፍነው አልነበረም። ያሸነፈው የእኔ እንሰት መፋቂያ ነው። የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ በቆጮ ነው ያደግኩት፤ ስለ እንሰት ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ? አለቃችን "ሴቶቹ ሲደሰቱ ቀርፀህ ና" ብሎ ሸኘኝ።

በቡታጅራና በሆሳዕና አልፈን ከሰዓት በኋላ ሶዶ ገባን። ዳሞታ ተራራ ግማሹ በደመና ተሸፍኖ ነበር። አጎቴ ወልዴ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። አባቱ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ብየዳ ቤት አለው። ቁርጥ ቤት ወሰደኝና ዳታውን፣ የወላይታን የቃሪያ ድልህ፣ አስጠግቶልኝ ስለ ማሽኑ ጠየቀኝ። ዳታው በአፍንጫዬ እስኪወጣ አቃጠለኝ።

"ሲፋቅ አይታችኋል?" አለኝ።

"በቪዲዮ አይተናል።"

"እኔ ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድም ቀን አላየሁም" አለና መብላቱን ቀጠለ። ቀልድ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ዱቦ

ጠዋት ከሶዶ በሚኒባስ እስከ ዱቦ ገጠር ሄጄ ከመንገዱ ማሽኑን በአህያ ጋሪ አስጫንኩ። የኮሌጅ ጓደኛዬ መምህር ማቴዎስ ይጠብቀኝ ነበር። የምንሄደው አማቱ ወይዘሮ ማርታ ጋ ነው፤ ሚስቱም መውለጃዋ ስለደረሰ እናቷ ቤት ናት።

የመፋቁ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጥቂት ይሄድና ይቋረጣል፤ እንደገና ይጀምርና ይቋረጣል። ጓሮው ስንደርስ ግን ጨርሶ ጸጥ አለ። ወይዘሮ ማርታና ሦስት ጎረቤቶቻቸው ከፍቂያው ተነስተው ወደ ጎን ቆሙ።

"እንሰት ሲፋቅ ወንድ አጠገቡ አይቆምም" አለኝ ማቴዎስ ቀስ ብሎ። "ለዛሬ ብቻ ለምኜ ነው።"

ክው አልኩ። አጎቴ የነገረኝ እውነቱን ነበር። ማሽኑ የወንድ ክንድ ካላዞረው አይሠራም፤ ወንድ ደግሞ እዚህ አይቆምም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዲሉ።

ቢሆንም ይህን ያህል መንገድ ተጉዤ እንዴት ልመለስ? ስልኬን ለማቴዎስ ሰጥቼ ማዞር ጀመርኩ። ማሽኑ የእንሰቱን ልጥ በአፍታ ዋጠው። ፈገግ ብዬ ቀና ስል ማንም ፈገግ አላለም። ቃጫው እንደ ገለባ ተቆራርጦ ወጥቷል። ከሥር ነጭ ፈሳሽ እየተንዠቀዠቀ አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል። ወይዘሮ ማርታ ጎንበስ ብለው እርጥቡን አፈር በጣታቸው ነኩት።

"ይሄ ውሃ አይደለም ልጄ። ሲረጋ ቡላ የሚሆነው ነው። ለሷ ነበር" አሉና ወደ በሩ ጠቆሙኝ። ልጃቸው ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ቆማለች።

በንድፋችን ላይ ያ ቀዳዳ "የቆሻሻ ውሃ መውጫ" ይባላል። የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የገዛ ሚስቴ አራስ ሆና የጠጣችው የቡላ አጥሚት እንኳ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። ቢቆጡኝ በቀለለኝ፤ ማንም አልተቆጣም። አንዷ ጎረቤት ወጣችና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ይዛ ተመለሰች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት።

ልክፈል ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

"ብር አራስ ይበላል?" አሉኝ ወይዘሮ ማርታ። "ትተክላለህ።"

ችግኝ ሰጡኝ፤ ማቴዎስ ጉድጓዱን አሳየኝ፤ ተከልኩ። መቼ እንደሚደርስ ስጠይቅ "የሚወለደው ትምህርት ቤት ሲገባ" አሉኝ። እጄን ስታጠብ ነው ከአዲስ አበባ ይዤው መምጣት የነበረብኝን ጥያቄ የጠየቅሁት። ሥራው ሲሠራ ምናቸውን ያማቸዋል?

"እጄ ደህና ነው። እግሬ ነው።" ልጡ እንዳይንሸራተት አንድ እግራቸውን አንስተው ከዘመመው ጣውላ ጋር ተጭነውት ይውላሉ። ሲዝል ያቆማሉ፣ ይቀይራሉ። ድምፁ የሚቋረጠው ለዚህ ነበር። ግድግዳችን ላይ እግር የሚል ወረቀት አልነበረም።

ቅዳሜ

ሶዶ ተመልሼ የእግሩን ነገር ስነግረው አጎቴ ከአሮጌ አልጋ ብረትና ከሞተር ሳይክል ሞላ፣ ጣውላው ላይ የሚገጠም የልጥ መያዣ ሠራልኝ። ሲበይድ ፈገግታው ይበቃኝ ነበር።

ዱቦ ስደርስ ጓሮው አልገባሁም። መያዣውን በማቴዎስ ሚስት እጅ ልኬ ጀርባዬን ሰጥቼ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። መፋቁ ጀመረ። ይቋረጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቋረጠም። ስልኬን አውጥቼ ድምፁን ቀዳሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የማቴዎስ ሚስት መጣች።

"እማዬ ሁለት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች" አለችኝ። "ጠርዙ ግን ይቆርጣል፣ ሞርደው ብላለች።"

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

እሑድ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ባልደረቦቼ ፊልሙን ለማየት ተሰበሰቡ። ድምፁን ብቻ ከፈትኩላቸው።

"ማሽኑስ?" አለ አለቃችን።

"አጎቴ ጋ ነው፤ ለብረቱ ተውኩለት።"

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄድንና በእያንዳንዱ ወረቀት ፊት ቆመን "ይሄን ማን ጠየቀን?" እያልን መንቀል ጀመርን። አለቃችንም አብሮን ይነቅል ነበር። ቀጣዩ የምንቀጥረው ሰው ጓሮው ውስጥ ሴቶቹ አጠገብ መቀመጥ የሚችል፣ ማለትም ሴት እንዲሆን ተስማማን።

ግድግዳው ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልኬ ጠራ። ማቴዎስ ነው።

"ሴት ናት" አለኝ። "ሁለቱም ደህና ናቸው። የጎረቤቶቹን ቡላ እየጠጣች ነው።"

እንኳን ማርያም ማረቻት ልል ስል ፕሮቴስታንት መሆኑ ትዝ አለኝና እንኳን ደስ ያላችሁ አልኩት። ወይዘሮ ማርታ ስለ እኔ ምን እንዳሉ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አጣሁ። እሱ ራሱ ነገረኝ።

"እማማ ዛሬ ጠዋት ችግኝህን ውሃ አጠጡት። 'ይሄ የሕፃኗ ነው፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ትጠጣዋለች' ብለዋል።"