በርሜል አይራመድም

መስከረም በመተማ ቆላ ክፉ ወር ነው። ዝናቡ ያቋርጥና ጥጡ ውሃ ይጠማዋል፤ መረሬው፣ ያ ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር፣ ግን ገና ስላልደረቀ ትራክተር ይውጣል። በመንግሥት እርሻው ውስጥ፣ በዚያ ወር፣ ከዋናው ካምፕ ተነስቶ ጓንግ ወንዝ ዳር ካለው ፓምፕ የሚደርስ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቢሻው ጀልባ።

ጀልባዋን የሠራት ራሱ ነው። የተጣለ የቦቴ ታንከር በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቀ፣ የዛገውን ቆርጦ በላሜራ ጠገነ፣ ፊትና ኋላዋን በየደ፣ ከፓምፑ ወደ ካምፑ በሚወርደው የመስኖ ቦይ ላይ አንሳፈፋት። ጠባብና ረጅም ስለሆነች ሠራተኛው «ገበታ» አላት። ብየዳ ጎንደር ጋራዥ ነው የተማረው፤ የቦይ ላይ ሥራን ያየው ግን በወጣትነቱ ሱዳን ጥጥ ለቀማ በሄደበት ጊዜ ነው። ለዚህም ነው እስከ መጨረሻው ቦዩን «ቱርዓ» ሲል የኖረው።

ገበታ ሞተር የላትም። ከካምፕ ወደ ፓምፑ ሽቅብ ናፍጣ በበርሜል ትወስዳለች፤ ቁልቁል ባዶውን ትመልሳለች። ሽቅብ ሲሆን ቢሻው ገመዱን ደረቱ ላይ አግድሞ በቦዩ ዳር እየሄደ ይጎትታል፤ ቁልቁል ሲሆን በአጣና እየገፋ ይነዳል።

መጀመሪያ ሰው ይጭን ነበር። ወባ የጣለው አራሚ፣ እግሩን መቆፈሪያ የቆረጠው፣ «አያ ቢሻው፣ በማርያም» ያለው ሁሉ ይሳፈራል። አንድ ቀን ለበሽተኞች ቦታ ብሎ ናፍጣውን ለነገ አሳደረ። ፓምፑ ቆመ። «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተባለና ዘር መጋዘን ውስጥ ታሰረ። ሲወጣ የግራ እጁ ጣቶች አይታጠፉም ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ሳይጠይቀው ተነሳ።

«ጓዶች፣ ሰው ይራመዳል፤ በርሜል አይራመድም!» አለ። «ገበታ ሰው እንዳትጭን። የውሃ በር የሚነሳውም ለሙሉ በርሜል ብቻ ይሁን። ኸላስ፣ አለቀ!»

ተጨበጨበለት። የውሃ በር የሚባለው ቦዩን የሚያቁር የብረት መዝጊያ ነው። ሲወርድ ውሃው ወደ ማሳው ይዞራል፤ ሲነሳ ጀልባ ከሥሩ ያልፋል፣ ውሃው ግን ቁልቁል ይነጉድና ማሳው ይጠማል። ስለዚህ ያለ ሙሉ በርሜል የመጣ ሁሉ ማሳው እስኪጠጣ ይቆማል። ሕጉ ይኸው ነበር፤ የቢሻው ሕግ።

ከዚያ በኋላ ያረጋል የሚባል የጎጃም አራሚ ትኩሳት የያዘውን የአጎቱን ልጅ ደግፎ ወደ ካምፑ ሐኪም ቤት ሲወርድ ቦዩ ዳር ቆመ። ቢሻው አጣናውን እየገፋ «ቀስ እያላችሁ ኑ» ብሎ ቁልቁል አለፈ። ልጁ በሁለተኛው በር ምሰሶ ተደግፎ ሞተ። ውሃ ያጠጣችው፣ ዓይኑንም የከደነችለት በዚያ ስታልፍ የደረሰችው የቢሻው ሚስት ዙፋን ነበረች። ማታ ለባሏ እራት አቅርባ፣ «ብላ እንግዲህ፤ አንተም በርሜል ነህ፣ ካልሞሉህ ትጮሃለህ» አለችው።

በዓመቱ፣ በዚያው በመስከረም፣ ዙፋን በወባ ወደቀች። ቤታቸው ፓምፑ አጠገብ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ዋናው ካምፕ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢሻው «እንዴት አደርሽ?» ሲላት፣ «ውሃው መጣ?» አለችው። ዓይኗ እሱን አያይም።

ተሸክሞ ገበታ ውስጥ አስተኛት። ባዶዎቹን በርሜሎች እንዳይንከባለሉባት በገመድ አሰራቸው። በፓምፑ መጋዘን ሁለት ሙሉ በርሜሎች ነበሩ። አንዱን እስከ ቦዩ ዳር አንከባለለው፤ እሱን ይዞ ከሄደ በሩ ይነሳለታል። ግን ናፍጣ ከፓምፕ ማሸሽ ምን እንደሚባል ያውቃል። የግራ እጁን አየ። በርሜሉን መልሶ አንከባለለና ቦታው አቆመው።

የመጀመሪያው በር ተነስቶ ነበር። ሥሩ ሲደርሱ፣ «ጎንበስ በይ!» ብሎ ጮኸ። ዙፋን ከተኛችበት ቀና ልትል ስትሞክር ነበርና አንገቷን ሰበር አደረገች። ሰማችኝ ብሎ ደስ አለው።

ሁለተኛው በር ተዘግቶ አገኘው። በረኛው ገብረማርያም የደምቢያ ልጅ ነው፤ ዙፋን ቤት ጠላ የሚጠጣ።

«ገብሬ፣ አንሳልኝ። ዙፋን ታማብኛለች።»

ገብረማርያም ወርዶ በርሜሎቹን በዱላው መታ መታ አደረጋቸው። ጮኹ።

«ባዶ ናቸው።»

«አዎ፣ ባዶ ናቸው!»

«አያ ቢሻው፣ ውሃው ወደ ማሳው የዞረው አሁን ነው። ባነሳው ያ ሁሉ ጥጥ ሳይጠጣ ይቀራል። ሕጉን እርስዎ ያውቁታል።»

«ሕጉን ተወው! ሰው ናት እኮ!»

«አንድ ሙሉ በርሜል ቢኖርዎ ዓይኔን አላሽም ነበር። ለናፍጣ ነው እላለሁ። አሁን ምን ልበል? የእርስዎን ጣት አይቻለሁ።»

«መቼ ታነሳዋለህ?»

«ከቀትር በኋላ።»

በማሳው ውስጥ የሚያርሙት ቀና ቀና አሉ። ያረጋል መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ።

«ምነው አያ ቢሻው፣ በርሜሉ መራመድ አቃተው?»

ኋላው ያሉት ሳቁ። ያረጋል ጎንበስ ብሎ ገበታ ውስጥ አየ። ዞረና «ዝም በሉ፤ ዙፋን ናት» አላቸው። ሳቁ ተቆረጠ። ማንም ማንንም አላዘዘም። ሁለቱ ከበረኛው ጎጆ አጣና መዘዙ፣ አንዱ ጋቢውን አወለቀ፣ ቃሬዛው ተሠራ።

ቢሻው ከፊተኛው አጣና ሥር ሊገባ ትከሻውን አዘነበለ። ያረጋል የመቆፈሪያውን እጀታ ደረቱ ላይ አጋደመበት።

«አንተ ወዴት?»

እስከዚያ ቀን «አንቱ» ነበር የሚለው።

«ሚስቴ ናት።»

«ያም የአጎቴ ልጅ ነበር። አንተ በርሜልህን ጠብቅ። ሰው ይራመዳል አላልህም? ይኸው፣ እኛ እንራመድላታለን።»

«በርሜሉ እንዳይከፋው አጫውተው!» አለ ከኋላ ሌላው።

ሄዱ። በአገሩ ባል ከሚስቱ ቃሬዛ ሥር ሲባረር ታይቶ አያውቅም። ቢሻው ከኋላቸው ጥቂት ተራመደ። ከዚያ ዞሮ ገበታን አየ። የእርሻውን ጀልባ ጥሎ መሄድም ያሳስራል። ተመለሰና ከምሰሶው ሥር ተቀመጠ፤ ያ ልጅ ከተቀመጠበት። ገብረማርያም የቢሻውን ዓይን እንዳያይ ወደ ማሳው ዞረ።

ከቀትር በኋላ በሩ ተነሳ። ቢሻው አጣናውን እየሰበቀ ቁልቁል ነጎደ። ካምፑ ሳይታይ፣ የቦዩን ዳር ይዘው የሚመለሱ ሰዎች አየ። ቃሬዛው ላይ ያለችው ከእግር እስከ ራስ በጋቢ ተሸፍናለች።

«ካምፕ ሳንደርስ ነው» አለ ያረጋል። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ትከሻው ተልጧል።

«ምን አለች?»

«ውሃው መጣ ወይ፣ አለች።»

ቢሻው ገበታን ዳር አስያዘ። የምትቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ከፓምፑ በላይ ነው፤ መንገዱ ጭቃና ሩቅ ነው። ተሸካሚዎቹ ተያዩ። ያረጋል ቃሬዛውን ዝቅ አደረገ።

«አሁንማ አትራመድም» አለው። «ጫናት።»

ቢሻው ቦታ እንዲሰፋ በርሜሎቹን ሊያወርድ እጁን ሰደደ።

«ተዋቸው» አለ ያረጋል። «ነገ ይጠይቁሃል።»

እንደ ጠዋቱ በርሜሎቹ መካከል አጋደሟት። ቢሻው ገመዱን ደረቱ ላይ አግድሞ መጎተት ጀመረ። ሰዎቹ ከኋላው ተከተሉ፤ ገመዱን የያዘለት ግን የለም።

ሁለተኛው በር ሲደርስ ከፍ ብሎ ተነስቶ ነበር። ውሃው በከንቱ ይነጉዳል።

«ናፍጣ አልያዝሁም» አለ ቢሻው።

«አይቻለሁ» አለ ገብረማርያም።

የገበታ አፍንጫ ከብረቱ ሥር ገባ። ቢሻው ገመዱን እንደወጠረ ወደ ኋላ ዞረ።

«ጎንበስ በይ!» ብሎ ጮኸ።

በዚህ ማንም አልሳቀም።