መምሬን ያልጠራሁ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አያውቅም። ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜም አያውቅም፤ እሱ እንዲያውም አባታችንን እስከ መጨረሻው በፍቅር ያስታመመች እህት እያለ ለልጆቹ ያወራልኛል። ሲያወራ እሰማለሁ። ዝም እላለሁ። እናንተን ግን አላውቃችሁም፤ አፌን የከፈተልኝም ምናልባት ይኸው አለማወቄ ነው።

አባቴ ሊሞት ሲል የነፍስ አባቴን ጥሪልኝ ብሎኝ አልጠራሁለትም። ሄጄ አጣኋቸው ብዬ ዋሸሁት። በደሌ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ እሱን አያሳንሰውም።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ቡራዩ ነው። በእግዚአብሔር አላምንም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው የተውኩት፤ ለዚህም ማንንም አልወቅስም። አባቴ ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእረፍት ቤት ገብቼ፣ "አትጾሚም አሉ" አለኝ። አልጾምም አልኩት። ትንሽ አሰበና "እንግዲያው ላንቺም እኔ እጾማለሁ" አለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶት አያውቅም።

ኦቦ በዳዳ ይሉታል። ዕድሜውን ፉሪ ላይ ሲያርስ ኖሮ፣ መሬቱን ቤት ሲውጠው ሰበታ ገባ። እናቴ ቀድማው ሞታለች። ጉበቱ የታመመው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ልጆቼን ለባሌ ትቼ ሰበታ ገባሁ። አጠብኩት፤ በማንኪያ አጎረስኩት፤ ሆዱ አብጦ መገላበጥ ሲያቅተው እኔ አገላበጥኩት። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሠራሁት ክፉ ሥራ ከዚሁ ከማስታመሜ ውስጥ ስለበቀለ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ፊቱን ስጠርግለት እጄን ያዘኝ።

"ጫልቱ፣ መምሬ ኪዳኔን ጥሪልኝ። የምናገረው አለኝ።"

"ለኔ ንገረኝ አባዬ።"

"ላንቺ አይሆንም።"

ላንቺ አይሆንም! ይህች ቃል ምን እንዳደረገችኝ ልንገራችሁ? ቅናት ነው ያደረገችኝ። ለዓመታት ለራሴ ስነግር የኖርኩት ሌላ ነበር፤ አእምሮዬ ኑዛዜን ስለማይቀበል ነው፣ የታመመ ሰው እንዲደክም ስላልፈለግሁ ነው እል ነበር። ውሸት። እኔ ነኝ የማጥበው፣ እኔ ነኝ የማነሣው፣ እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁ፤ የልቡን ግን ለቄስ ይነግራል? የኔ እጅ ለገላው ሆኖ ለልቡ የሌላ ሰው ጆሮ? እንዲህ ነው ያልኩት። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ።

መምሬ ስልክ አልነበራቸውም። ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። በሩ ድረስ ሄድኩ። ይህንንም አልደብቃችሁም፤ አየኋቸው። ዝናቡን ሸሽተው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆመው ከአንዲት ሴት ጋር ያወራሉ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ቆምኩ፣ አየኋቸው፣ ተመለስኩ። ታክሲ ተራው አጠገብ ካለች ቡና ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ሄዶ መመለስ የሚፈጀውን ያህል ተቀመጥኩ። ማኪያቶው ጣፍጦኝ እንደነበር እንኳ አስታውሳለሁ።

"ሆለታ ክርስትና ተጠርተው ሄደዋል። ሰኞ ነው የሚመለሱት" አልኩት።

አመነኝ። ለምን አያምነኝም? ከሐሙስ ጀምሮ በጣቶቹ ቆጠረ፤ አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። "እንግዲህ እስከ ሰኞ ልቆይ" አለ፤ በራሱ እጅ ያለ ነገር ይመስል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣም ተኝቷል እያልኩ ከበር መለስኩ። በሌላ ሰው እንዳያስጠራቸው ፈርቼ ነው። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ውሸቱን ሲጠብቅ ይውላል።

ቅዳሜ ዕለት ሦስት ጊዜ ቀኑን ጠየቀኝ። እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ባስጠጋ ድምፅ የለውም። እኩለ ቀን ላይ ከንፈሩም ትንፋሹም ቆመ። ለግድግዳው ምን ነገረው? ለኔ ያልሆነውን ነበር ይሆን?

በቀብሩ ዕለት መምሬ እያለቀሱ መጡ። "ልጄ፣ ለምን አልጠራሽኝም?" አሉኝ። ድንገት ሆነ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "ሐሙስ ለት በሩ ላይ አንዲት ጃንጥላ የያዘች አይቼ አንቺን መስላኝ ነበር" አሉ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። እሳቸውም አልደገሙም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ፤ ያዩኝም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። አዎ፣ እፎይታ።

ግን የከፋው ይህ አይደለም።

በሣልስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ የማላውቃቸው ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ኦቦ ጉርሜሳ እባላለሁ፣ ከሱሉልታ ነው የመጣሁት አሉኝ። ድሮ ፉሪ ላይ የአባቴ ኩታ ገጠም ጎረቤት እንደነበሩ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"በዚህ ሰሞን መምሬ ኪዳኔ ልከውብኝ ነበር። በዳዳ የሚልህ ነገር አለው፣ ስጠራህ ና ብለውኛል። ስጠብቅ ስጠብቅ መርዶው መጣ። ለኔ የተወልኝ ቃል የለም?" አሉ።

ያኔ ገባኝ። አባቴ ሕመሙ ሳይጠናበት ነገሩን ለቄሱ ጀምሮላቸው ኖሯል፤ የፈለጋቸውም ለሰማይ ብቻ አልነበረም። መምሬ ቢጠሩ ኖሮ እኚህን ሽማግሌ ከሱሉልታ ያመጧቸው ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኙ ነበር። የዘጋሁት በር የዚያን ክፍል ነው።

እውነቱን ልናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ፊታቸው አሳዘነኝና፣ ከሁለቱ ማን ምን እንዳደረገ ሳላውቅ፣ ደግ የመሰለኝን ቃል በአባቴ አፍ ውስጥ ከተትኩ።

"ይቅር ብዬዋለሁ በሉት ብሏል" አልኳቸው።

ኦቦ ጉርሜሳ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

"እሱ? እኔን?"

"አዎ።"

"ልጄ፣ በደርግ ጊዜ እህል ደብቋል ብሎ በሐሰት የመሰከረብኝ እኮ እሱ ነው። ሦስት ዓመት ታሠርኩ። እሱ ነው እኔን ይቅር ያለው?"

ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ከድንኳኑ ሲወጡ ከኋላቸው ልሮጥ እችል ነበር፤ እግር ነበረኝ። ውሸቴን ነው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን ለቀስተኛ እንደማስተናግድ ሆኜ ፊቴን አዞርኩ። አባቴን ሁለት ጊዜ በደልኩት። በመጀመሪያ ይቅርታ እንዳይጠይቅ አፉን ዘጋሁት፤ ቀጥዬ በሞተ አፉ የበደለውን ሰው ሰደብኩበት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት እንዴት ልንገራችሁ? መንፈስ ይመጣል ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሰኞ ይመጣል። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ክፍል ገብቼ ጠመኔ ሳነሣ፣ አባቴ ጣቶቹን ሲቆጥር አያለሁ። አንዴ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ አመመሽ?" ብለውኛል። ሰኞ ነው አልኳቸው። ሳቁ።

የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ለባሌ ብነግረው ይወደኛልና ወዲያው ምክንያት ይፈልግልኛል፤ ደክሞሽ ነው ይለኛል። ወንድሜ አባቱን ድጋሚ ይቀብራል። ጓደኞቼ እንደኔው የማያምኑ ናቸው፤ ያለፈን ነገር ተዪው ይሉኛል። ያን ጊዜ ነው የናቅሁት ነገር ምን እንደነበር ያወቅሁት። አባቴ ሲጠሩት መምጣት ግዴታው የሆነ ሰው ነበረው። ሰምቶ የማያወራ፣ አይዞህ ብቻ ብሎ የማይሸኝ፣ ሂድ፣ እግሩ ላይ ውደቅ፣ ተመልሰህ ና ብሎ የሚያዝ ሰው። እኛ እግዚአብሔርን ስንተው ይህን ሰው በምን ተካነው? ሰማዩ ባዶ ነው ማለት መብቴ ነው። ባዶ ነው ብዬ ምድር ላይ የሰው ልጅ ከሰው ልጅ ጋር የሚታረቅበትን መንገድ መዝጋት ግን ማን ፈቀደልኝ?

አምና የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባ ሐጅ ደረሰላት። ከወሎ መጥታ ቡራዩ ላይ ሱቅ ከከፈተች ሃያ ዓመት አልፏታል። ከመሄዷ በፊት የሰፈሩን ቤት ሁሉ በየተራ አንኳኳች። የኔንም። ቆማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "አስተማሪዋ፣ አፉ በይኝ" አለችኝ።

"ምን በድለሽኝ ነው?"

"የማውቀውም የማላውቀውም ይኖራል። የሰው ሐቅ ይዤ አልሄድም። አላህ የሱን ይምራል፤ ያንቺን ግን ካንቺ ነው የምጠይቀው።"

አፉ ብያለሁ አልኳት። አመስግናኝ ወደሚቀጥለው በር ሄደች። እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ። እንዲህ ቀላል ነበር? ሰው ቤት ሄዶ ማንኳኳት? ለዚህ መካ መሄድ ያስፈልገኝ ነበር?

በማግሥቱ በጎጃም በር አድርጌ ሱሉልታ ሄድኩ። ሰው ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። ኦቦ ጉርሜሳ ልጃቸው ላሞች የሚያልብበት ግቢ ውስጥ፣ የሣር ክምር ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያያል። የበዳዳ ልጅ ነኝ ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ቢሆንም "ታኢ" አሉኝ፤ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። የቤተ ክርስቲያኑን በር፣ ማኪያቶውን፣ ሆለታን፣ በድንኳኑ ውስጥ የፈጠርኩትን ቃል።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣

"ሊለኝ የነበረው ምን ነበር?" አሉ።

"አላውቅም።"

"አሥራ አንድ ዓመት ረገምኩት። ነገሩን ደግሞ እኔ ላይ አዞረው፣ ሞቶም አላፈረም እያልኩ። አሁን ይጸጸት ነበር ትይኛለሽ። ቃሉ ግን የለሽም።"

"የለኝም። አንቱን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ስለሱ አይደለም፣ ስለራሴ። ይቅር ይበሉኝ።"

ተንበረከክሁ። በሕይወቴ ለማንም ተንበርክኬ አላውቅም። ሳሩ እርጥብ ነበር። ኦቦ ጉርሜሳ እጃቸውን ራሴ ላይ ሊያኖሩ ዘርግተው መለሱት።

"አንቺ ለኔ እንዳደረግሽው ላድርግ?" አሉኝ። "ደስ እንዲልሽ ብዬ ይቅር ብያለሁ ልበል? ዛሬ ልቤ ውስጥ የለም። ሲመጣ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ግን ተመላለሺ፤ ስለሱ ንገሪኝ። አብረን ያረስንበትን ጊዜ ረስቼዋለሁ፤ ጥላቻው በላብኝ።"

እመላለሳለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ላንቺም እኔ እጾማለሁ ያለኝን ነገርኳቸው፤ በጣም ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ይቅር ብያለሁ የምትለዋን ቃል ግን እስካሁን አላሏትም። እኔም አልጠይቃቸውም። ባለፈው ሳምንት ታመው ደክመው አገኘኋቸው፤ ሳይሏት ይሞቱ ይሆናል።

ቢሏትም የኔን ብቻ ነው የሚፈቱልኝ። አባቴ በራሱ አፍ ሊጠይቅ የነበረውን ይቅርታ እሳቸውም ሊሰጡኝ፣ እናንተም ልትሰጡኝ አትችሉም። ማረኝ የምለው አምላክ የለኝም፤ ቢኖረኝም ይህን አልለምነውም። አባቴ ይቅርታ ሳይጠይቅ እንዲሞት ያደረግሁት እኔ ነኝ።