የደግሰው ቢራ

ጎረቤቴ ደግሰው አስጎብኚ ነው። ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታት ግን ያልሞከረው ሥራ የለም። መቶ የፈረንጅ ጫጩት አምጥቶ ሦስት ዶሮ አሳደገ። ንብ አናቢ ሆንኩ ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አስነደፈ። ቤቱን ያቆመችው ሚስቱ ባንቺዓለም ናት፣ በጠላዋ። እኔ አሰለች፣ አሥራ ስምንት ዓመት አጥር ተጋርቻቸው የኖርኩት፣ ምስክር ነኝ፤ ከብልባላ ገበያ የሚመለስ ሰው አህያውን ደጃፏ ላይ ሳያቆም አያልፍም።

ደግሰው ይምርሐነ ክርስቶስ አድርሶ የመለሰው አንድ የሆላንድ ሰው ይህንኑ ጠላ ጠጣና፣ «እኔም ቤቴ ቢራ እጠምቃለሁ» አለው። ከወራት በኋላ በሌላ ጎብኚ እጅ ካርቶን ላከለት። በውስጡ እንደ ሬንጅ የወፈረ የብቅል ጭማቂ በሁለት ጣሳ፣ እርሾ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ የዕቃ ማጠቢያ ዱቄትና መመሪያ ነበረበት።

የጥቅምት ሚካኤል ማኅበር ተራው የደግሰው ነበር። «ዘንድሮ ገብስ አይቆላም፣ ጌሾ አይወቀጥም፤ ቢራ በጣሳ መጥቷል!» ብሎ አወጀ። ባንቺዓለም ወደ እኔ መጣች። «እቴ አሰለች፣ ሃያ ዓመት ለፍቼ ያፈራሁት ስሜን ብቻ ነው። እሱንም በጣሳ ሊቀብርብኝ ነው» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

መመሪያው ባልዲውን በዱቄቱ እጠብ ይላል። ደግሰው ሳቀ። ምን ቢዘምን የላስታ ልጅ ነዋ! በወይራ ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ መጠጥ እንደማያድር ከእናቱ ጓዳ ያውቃል። ባልዲውን በሚጤሰው ወይራ ላይ ደፋው። ባልዲው ቀልጦ ቁጭ አለ። «ዋናው ጣሳው ነው» እያለ ጭማቂውን በውሃ በጥብጦ የሚስቱ ጋን ውስጥ ገለበጠው።

መመሪያው ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጠብቅ ይላል። ለማኅበሩ የቀረው ስምንት ቀን ነበር። «ጠላ በስምንት ቀን ከደረሰ ቢራ ምን ቤት ነኝ ብሎ ይዘገያል?» አለ። በዋዜማው ቀመሰው። የሳል ሽሮፕ! «ነገ ይበስላል» አለና ክዳኑን መለሰ።

ባንቺዓለም ባሏን ታውቀዋለች። ካርቶኑ በተከፈተ ማግሥት እኔ ጓዳ ጠንስሳ ነበር። በማኅበሩ ዕለት ጠዋት እሱ ቅዳሴ ሲሄድ ጋኖቹን ለወጥናቸው። የእሱን ለአህያዬ ባቀርብላት አሽትታ ፊቷን አዞረች።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። የማኅበሩ አባት መሪጌታ ተክለ ሚካኤል አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና፣ «አቤት! የሠለጠነ ሰው መጠጥ! ራስ እንኳ አያምም እኮ» አሉ። ሰውአገኝ፣ አሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የባንቺዓለምን ጠላ ሲጨልጥ የኖረው ሰው፣ ብርጭቆውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ «ከዚህ በኋላ የሴቶቻችንን ጠላ ማን ይጠጣዋል!» አለ። ደግሰውም ትናንት ሽሮፕ የነበረው ዛሬ ጠላ ጠላ ማለቱ አንዳች ሳያጠራጥረው፣ «ምስጢሩ ትዕግሥት ነው» እያለ ያስረዳ ጀመር።

ባልን በማኅበር ፊት ማዋረድ ነውር ነው። ባንቺዓለም ሆድ ይፍጀው ብላ ቀዳች። እኔንም ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች እንጂ፣ እንዴት እንደተቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው!

መሪጌታ ሲመርቁ፣ «ልጄ ደግሰው፣ የኅዳር ሚካኤልን አምስት ጋን አንተው ትጠምቃለህ» አሉት።

«በደስታ፣ የኔታ!»

ማኅበርተኛው ሲበተን ባንቺዓለም እውነቱን ነገረችው። አላመነም። እኔ ጓሮ ያለውን ጋን ሲቀምስ አመነ።

«በይ እንግዲያው የኅዳሩን ጥመቂልኝ» አላት።

«እጠምቃለሁ። አንተም የጥቅምቱ ጠላ የማን እንደነበር ለማኅበሩ ትናገራለህ።»

ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን፣ «ከምናገርስ እወቅጣለሁ» ብሎ ሙቀጫውን ታቀፈ። ጌሾውን አበዛው፣ ገብሱን አሳረረው፣ ድፍድፉን ቀኑ ሳይደርስ አቀጠነው። ሰፈርተኛው በአጥር እያየ፣ «አይ ደግሰው! ሚስቱን እንዲህ የሚያግዝ ባል የት ይገኛል!» ይላል። ባንቺዓለም እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ታየዋለች። አንዲት ቀን እንኳ፣ አንዲት ጣት እንኳ አላስገባችበትም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ታቦቱ ገብቶ ሰዉ ዳሱ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ መሪጌታ ዋንጫቸውን ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ የተጎነጩትን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ በደግሰው ትከሻ አሻግረው፣ ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ወደቆመችው ወደ ባንቺዓለም ተመለከቱ።

«ምነው ልጄ፣ ጠላሽን ምን ነካብን?»

«በጥቅምቱ ቀንታ ነው! ባሏን ልታዋርድ!» አለ ሰውአገኝ ከኋላ።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ ደግሰውን አየሁት። ብድግ አለ። ሥላሴ ልብ ሰጡት፣ አሁን ሊናገር ነው ብዬ አማተብኩ። እሷም ቀና ብላ ጠበቀችው።

ደግሰው ነጠላውን አስተካክሎ ለማኅበሩ እጅ ነሣ።

«አባቶቼ፣ ስለ ሚካኤል ብላችሁ፣» አለ፣ «ይቅር በሏት።»