ልጄን መሬት ያስቀመጥኩበት ቀን

በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው አምስት ነን፤ እኔ፣ ልጄ ሳሙኤል፣ አማቴ እማማ በላይነሽ፣ ጎረቤቴ ሃዋ፣ እንዲሁም ውጭ አገር እየተማረች የሰውን እድገት ልታጠና የመጣችው ወይዘሪት ጽጌ። ባለቤቴ ሥራው ባቡር ላይ ስለነበር አልነበረም። ሰሞኑን የልጅ ልጄ፣ "እምዬ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው የሰውን እድገት ነው፤ ከልደት እስከ እርጅና" ብትለኝ ሁሉም ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ከሳሙኤል በፊት አንድ ልጅ ሞቶብኝ ስለነበር እሱን ከጀርባዬ አላወርደውም። የድሬዳዋ መሬት ጊንጥ አያጣም። ክረምት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ደግሞ እስከ በራችን የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት አይድህም፣ አይቆምም። ሰፈሩ "እግሩ ሽባ ነው" ማለት ጀምሮ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እኔም አምኜ ነበር።

ወይዘሪት ጽጌ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ቤት ለቤት ስትጠይቅ ሰንብታ እኛ ጋ ደረሰች። ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ያፍናል። ልጁን ትንሽ አየችውና፣

"እስቲ መሬት አስቀምጪው" አለችኝ።

"መሬት? ጊንጡስ?"

"አውርጂው እንጂ!" አለች ሃዋ እየሳቀች። "ጀርባሽ ላይ ሆኖ ሚስት ሊያገባ ነው እንዴ?"

አማቴ ምንጣፉን አራገፉ፤ ጥጋጥጉን በመጥረጊያ ደበደቡ። አስቀመጥኩት። ወይዘሪት ጽጌ አንድ የበሰለ ዘይቱን እጁ ከሚደርስበት ትንሽ አርቃ አኖረችና ደብተሯን ይዛ ቁጭ አለች።

"ማንም እንዳይረዳው።"

የዘይቱኑ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሳሙኤል ዘይቱኑን አየ፤ እኔን አየ፤ አለቀሰ። ልነሳ ስል ሃዋ ነጠላዬን ጎትታ አስቀመጠችኝ። "ዋርያ ሳሚ! ና እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!" ትለዋለች። አማቴ ድምፅ ሳያሰሙ ይጸልያሉ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ለቅሶው ቆመ። አንድ እጁን ምንጣፉ ላይ ጣል አደረገ። በሆዱ ተኛ። ከዚያ ያ ስፈራለት የኖርኩት ጉልበቱ ታጠፈ፤ ሰውነቱን ወደ ፊት ገፋው። እንደገና ታጠፈ፤ እንደገና ገፋው።

ማንም አላስተማረውም። እኔማ ስከለክለው ነው የኖርኩት። ያ ሁሉ ውስጡ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም። ቀና ስል ወይዘሪት ጽጌም መጻፏን ትታ እሱን ታያለች።

"ስንቱን ሕፃን አየሁ፤ አልለምደውም" አለች።

ከዚያ ገጹን ገልጣ ስለ እኔ ትጠይቀኝ ጀመር።

"የእኔ እድገት እኮ አልቋል" አልኳት።

"ማን አለሽ? እማማም ገና እያደጉ ነው።"

"በዚህ ወገቤ?" አሉ አማቴ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ስትሰናበተን፣ "ሲራመድ ለማየት እመለሳለሁ" ብላን ነበር። አልተመለሰችም። ሳሙኤል ከአራት ወር በኋላ ቆሞ ሄደ። ከእሱ በኋላ የወለድኳቸውን ሁሉ፣ እየፈራሁም ቢሆን፣ በጊዜያቸው መሬት አስቀምጫቸዋለሁ። እኔ ራሴ ዛሬ ከአማቴ የያኔ ዕድሜ አልፌ፣ በየቀኑ አንድ የማላውቀው ነገር ከውስጤ ሲወጣ ያስደንቀኛል።

ወይዘሪት ጽጌ የት እንዳለች፣ ደህና መሆኗን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።